ከጣና ዳር ሆናችሁ የልማት ገንዘብ ስትፈልጉ፦ የቱ ለማን ይሻላል?

ገንዘብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይሰጣሉ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ወለዱስ?» ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በጣና ዙሪያ ግን ሰው ዕዳ ውስጥ የሚዘፈቀው ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው። የመክፈያው ቀን ሲደርስ እጁ ላይ ብር የለም። ሩዙ ገና ማሳ ላይ ነው። ወይ ሽንኩርቱ ደርሶ ዋጋው ወድቋል። ወይ ጾም ገብቶ ወተት የሚገዛ ጠፍቷል።

ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በዋናነት በአንድ መለኪያ ነው፤ ገንዘቡ የሚመለስበት ወቅትና የእናንተ ገቢ የሚመጣበት ወቅት ይገጥማሉ ወይ? የምጽፈው ለባሕር ዳር ዙሪያ፣ ለደራ፣ ለፎገራ፣ ለሊቦ ከምከም፣ ለደምቢያ፣ ለጣቁሳ፣ ለአለፋና ለሰሜን አቸፈር ሰው ነው። ከተማ ሆናችሁ ገጠር ላለ ወንድም ወይም እህት መረጃ የምታፈላልጉ ከሆነም ይጠቅማችኋል።

የማይመለሰው ገንዘብ

ብድር ከማሰባችሁ በፊት የማይመለስ ድጋፍ ይደርሳችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። የሚሠራው ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ነው። ከሐይቁ ዳር ሊቦ ከምከም በዚህ ውስጥ ይታወቃል። ፎገራን የመሰለ ትርፍ አምራች ወረዳ ግን አይገባበትም። ጎረቤት ወረዳ ያለ ዘመዳችሁ አገኘ ማለት እናንተም ታገኛላችሁ ማለት አይደለም። ተጠቃሚውን የሚለየው በቀበሌ ደረጃ የሚቋቋም ኮሚቴ ነው። መሥራት የሚችል በእርከን፣ በተፋሰስና በመንገድ ሥራ ይሳተፋል። አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ክፍል አለው። ፕሮግራሙ ከእህሉና ከብሩ በተጨማሪ የኑሮ ማሻሻያ ሥራ ይዟል። ሥልጠና አለ፣ ቁጠባ አለ፣ ቀላል የሥራ ዕቅድ ማውጣት አለ። በጣም ድሃ ለሆኑት ደግሞ መነሻ የሚሆን የማይመለስ ገንዘብ አለ። በሴፍቲኔት ያላችሁ ከሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ስለዚህ ክፍል በግልጽ ጠይቁ። በዚህ ድጋፍ ሁለት በግ ይዞ መነሣት የሚችል ሰው ብድር ውስጥ መግባት የለበትም። ይህን በጣም አምናለሁ።

በፕሮጀክት የሚመጣው ገንዘብ ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የግብርና ዕድገት ፕሮግራም ከእነዚህ አንዱ ነበር። በዓለም ባንክ ድጋፍ የሚሠሩ የእንስሳትና የዓሣ ሀብት ፕሮጀክቶችም መጥተዋል። የፕሮጀክት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለግለሰብ በጥሬው አይሰጥም። ቡድን ይደራጃል። ቡድኑ በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በድንጋይና በአሸዋ ያዋጣል። የቀረውን ፕሮጀክቱ በዕቃ ይሰጣል።

ይህ መንገድ ለብቻ ለማይሠራ ነገር ወደር የለውም። መራዊ አጠገብ ያለውን ቆጋን እዩ። 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ የተሠራ የመስኖ ግድብ ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ አለበት። የትኛው ገበሬ ነው ለዚህ የሚበደረው? ቦይ፣ ማከማቻ፣ የወተት ማሰባሰቢያ፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ ከፈለጋችሁ የብድር ቢሮ ሳይሆን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱና የትኛው ፕሮጀክት ወረዳው ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። ፕሮጀክት የሚያልቅበት ቀን አለው። ስለዚህ «ፕሮጀክቱ ሲወጣ ሞተሩ ቢበላሽ ማን ያሠራል?» የሚለውን ገና ስትደራጁ ተነጋገሩበት። ለጥገና በየወሩ ጥቂት የማያዋጣ ቡድን ዕቃው በሁለተኛው ዓመት ይቆምበታል።

የሌማት ትሩፋትን ከገንዘብ ምንጭ ጋር የሚያምታቱ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ይፋ የሆነ መርሐ ግብር ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማርና ዓሣ ላይ ያተኩራል። ብድር ሰጪ ተቋም ግን አይደለም። በእሱ በኩል ሥልጠና፣ ጫጩት ወይም የዳልጋ ከብት ማዳቀል ልታገኙ ትችላላችሁ። ብር ከፈለጋችሁ ግን ዞሮ ዞሮ ከታች ወደምገልጻቸው ትሄዳላችሁ።

ቅርቡ በር፦ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበር

ሰው የሚንቀው ይህንን ነው። ብሩ ትንሽ ነውና። ለእኔ ግን በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ለሚያገኝ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።

ካፒታሉ የአባላቱ ዕጣና ቁጠባ ነው። መንግሥትም ከዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ጋር በሚያካሂደው የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራም በኩል እነዚህን ማኅበራት ይደግፋል። አንድ ሰው ብዙ ዕጣ ቢኖረውም ድምፁ አንድ ነው። የምትበደሩት መጠን ከቁጠባችሁ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ዛሬ ገብታችሁ ነገ አትበደሩም። ወራት ይፈጃል።

የዓሣ ሥራን እንውሰድ። አስጋሪ በደንገል ታንኳ ይሁን በሞተር ጀልባ ገቢው የዕለት ነው። ቆሮሶና ዓምባዛ ይዞ ወጣ፣ ሸጠ፣ ገባ። ትልቁ ወጪው መረቡ ነው፤ ያልቃል፣ ይቀደዳል። ለመረብ ብሎ በዓመት አንዴ የሚመለስ ትልቅ ብድር ቢወስድ፣ የዕለቱ ገቢ በየዕለቱ ይበላና ዓመቱ ሲሞላ ባዶ እጁን ይቀራል። በየሳምንቱ የሚቆጥብበትና የሚከፍልበት ማኅበር ውስጥ ከሆነ ግን ክፍያው ከገቢው ጋር አብሮ ይሄዳል። የዓሣ ገበያ በዐቢይ ጾም ይደራል። ያኔ ከፍ አድርጎ መክፈል፣ ክረምት ሐይቁ ሲናወጥ ደግሞ ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ኮሚቴውን ይጠይቅ። ባንክ እንዲህ ያለውን ነገር እምብዛም አይሰማችሁም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን የሰፈራችሁ ሰው ነው፤ የጾሙንም የክረምቱንም ነገር ያውቀዋል።

አደጋውም ከዚያው ነው የሚመጣው። ሒሳቡ ካልተመረመረ ብሩ በዘመድ አዝማድ ያልቃል። ከመግባታችሁ በፊት የመጨረሻው ኦዲት መቼ እንደተደረገ የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ለብዙ ዓመት ኦዲት ያልተደረገ ማኅበር ከሆነ አትግቡ።

ፀደይ ባንክ፣ የቡድን ዋስትናና የመሬት ደብተር

አብቁተ ሲባል የማያውቅ የክልሉ ገበሬ የለም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክ ተለውጧል። ገጠር ውስጥ ትልቁ አበዳሪ ዛሬም እሱ ነው። ለገበሬው ያሉት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የቡድን ዋስትናና የመሬት የመጠቀም መብት።

የቡድን ዋስትና ቀላል ይመስላል። ጥቂት ሰዎች ተሰብስባችሁ አንዱ ለአንዱ ዋስ ትሆናላችሁ። ንብረት አይጠየቅም። ግን አንዱ ቢጠፋ ዕዳው የሌሎቹ ነው። ስለዚህ ቡድን ስትመርጡ ጓደኝነትን ሳይሆን የሥራ ወቅትን እዩ። ሁላችሁም ሩዝ አምራቾች ከሆናችሁና የርብ ወይም የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ቢያጥለቀልቀው፣ ሁላችሁም በአንድ ቀን መክፈል ያቅታችኋል። አንዱ ሩዝ፣ አንዱ ወተት፣ አንዱ ንግድ ያለው ቡድን ይሻላል። ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

መሬትን በተመለከተ መፍራት ያለ ነው። «መሬቴን ይወስዱብኛል» የሚለው ስጋት ግን በትክክል መታየት አለበት። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ይፈቅዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324ም ይህንኑ ይፈቅዳል። የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው፤ መሬቱ አይሸጥም። ዕዳው ባይከፈል አበዳሪው ለተወሰነ ጊዜ መሬቱን የመጠቀም መብት ያገኛል። ቢሆንም ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ዓመት ያለ ማሳ መቆየት ማለት ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ከማሳችሁ ሁሉ አንዱን ቁራሽ ብቻ አስይዙ። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም አለ፤ ሁለቱም ሳይስማሙና ሳይፈርሙ አይሆንም። ሚስት ፈርሚ ስትባል ውሉ ይነበብላት። መብቷ ነው።

መሬት ማስያዝ ካልፈለጋችሁ ሌላ በርም አለ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ የተከማቸ እህልና ማሽነሪ የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ባንኩ በተግባር ይቀበል እንደሆነ ቅርንጫፉን ጠይቁ።

አሁን ወደ ወለድ ስሌት እንምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ። 100,000 ብር ለ12 ወር በ18 በመቶ ወለድ ወሰዳችሁ እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የየትኛውም ተቋም ዋጋ አይደለም። ወለዱ መጀመሪያ በወሰዳችሁት ብር ላይ ከታሰበ 18,000 ብር ትከፍላላችሁ። ዋናውን በየወሩ እኩል እየመለሳችሁ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ደግሞ 9,750 ብር ነው። «18 በመቶ» የሚለው ቃል አንድ ነው፤ ኪሳችሁ ላይ ያለው ልዩነት ግን ግማሽ ያህል። «ወለዱ የሚታሰበው በዋናው ላይ ነው ወይስ በቀሪው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም በግዴታ ቁጠባ ስም የሚያዝ አለ ወይ በሉ። 10,000 ብር ቢያዝባችሁ የምትሠሩት በ90,000 ነው፤ ወለድ የምትከፍሉት ግን በ100,000።

ታዲያ በየወሩ መክፈል ይሻላል ማለት ነው? ለወተት ሻጭ አዎ። ለሩዝ አምራች ግን በጭራሽ። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ከዚያ በፊት በየወሩ ክፈል የተባለ ገበሬ በግ ይሸጣል፣ በጉ ሲያልቅ ጥጃ ይሸጣል። ለእሱ ወለዱ በርከት ቢልም በዓመት አንዴ የሚከፈለው ይሻለዋል። ቀኑም ራሱ ወሳኝ ነው። መክፈያው ታኅሣሥ ላይ ከዋለ ሰው ሁሉ በሚሸጥበት ሰሞን፣ ዋጋው ሲረክስ፣ እሱም ለመሸጥ ይገደዳል። መክፈያው የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት እንዲሆን ገና ሲዋዋል ይጠይቅ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማን ይሰማዋል?

ወለድ የማይፈልጉ ሙስሊም ወገኖቻችንም አማራጭ አላቸው። ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው የሚሠሩ ባንኮች ናቸው፤ ሌሎች ባንኮችም ለይተው የከፈቱት መስኮት አላቸው። በዚህ አሠራር ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥላችኋል። የመክፈያ ወቅቱን ጥያቄ እዚያም አንሡት።

ወጣቶች ተደራጅተው የሚወስዱት

በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ተቋቋመ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ላሉ ነው የታሰበው። በመንግሥት ገንዘብ ወጣቶችን አደራጅቶ ሥራ ላይ የማሰማራቱ መንገድ ዛሬ የሚጀመረው ከወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ነው። ከብድሩ ሌላ የመሥሪያ ቦታና የገበያ ትስስር ይገኝበታል። ለእኔ ከብሩ ይልቅ ቦታው ይበልጣል። ወረታ ወይም ሐሙሲት ላይ በኪራይ የሚሠራና ሼድ ያገኘ ወጣት እኩል አይነሡም።

ደካማ ጎኑ ይታወቃል። ብድር ለማግኘት ሲባል ብቻ የተሰባሰበ ቡድን ብሩን ተካፍሎ ይበተናል። ይህ በየቀበሌው የታየ ነው። አምስት ሆናችሁ ሦስታችሁ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ሦስት ሆናችሁ ተደራጁ። ቁጥሩ ካልተፈቀደ ሥራ ፈላጊ ሌላ ሁለት ፈልጉ እንጂ የስም አባል አትጨምሩ። ዕዳው ላይ የስም አባል የሚባል የለም።

ማሽን ከፈለጋችሁ ብር አትበደሩ

ሩዝ መፈልፈያ፣ የወተት መናጫ ወይም ትራክተር የምታስቡ ከሆነ ሊዝን እዩ፤ ገንዘብ ሰጪው ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣችኋል፣ እናንተ እየሠራችሁበት ትከፍላላችሁ። ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ በክልላችን ለዚሁ የተቋቋመ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንተርፕራይዞች የሊዝ ፋይናንስ አለው፤ በባንኩ አሠራር ተበዳሪው 20 በመቶ ያዋጣል፣ ባንኩ 80 በመቶውን ይሸፍናል። ዋልያ ለጥቃቅንና አነስተኛው፣ ልማት ባንኩ ከፍ ላለው ይመቻል። ማሽኑ ራሱ መያዣ ነው። ተከፍሎ እስኪያልቅ የእናንተ አይደለም። ቤት ወይም መሬት የሌለው ወጣት ትልቅ ዕቃ ሊይዝ የሚችልበት መንገድ ይህ ነው።

ቅድሚያ ግን የመብራቱን ነገር አረጋግጡ። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ሳይኖር መፈልፈያ አስመጥቶ ሳያሠሩ መክፈል መከራ ነው። የእፎይታ ጊዜው፣ ማለትም ክፍያ ሳይጀመር የሚሰጠው ጊዜ፣ የሚቆጠረው ውል ከተፈረመበት ቀን ነው ወይስ ማሽኑ ተተክሎ ሥራ ከጀመረበት? በጽሑፍ ይስፈር። ፕሮፎርማ (የሻጮችን የዋጋ ማቅረቢያ) ስትሰበስቡ የሚረክሰውን ብቻ አትዩ። ወረታ ላይ ብዙ መፈልፈያ አለ፤ ባለቤቶቹን ሄዳችሁ የትኛው ማሽን ሩዙን እንደሚሰባብር፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠይቁ። የተሰባበረ ሩዝ በዋጋ ይቀንሳል። መፈልፈያ ሥራው የሚበዛው ከምርት በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ክረምት ይቀዘቅዛል። በየወሩ እኩል ክፍያ ከተባላችሁ የክረምቱን ከወዲሁ መቆጠብ ግድ ነው።

ለማዳበሪያና ለዘር ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ይህን ሁሉ መንገድ አትሂዱ። መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁና «መርከብ»ን የመሰለው የማኅበራት ዩኒየን ለዚህ ናቸው።

የወተት ላም ልግዛ ላለ

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህን ስለሆነ ለብቻው ላንሣው። ባሕር ዳር ዙሪያ ወተት ጥሩ ሥራ ነው፤ ገበያው ቅርብ ነው። ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም አለ። ረቡዕና ዓርብ አሉ። በእነዚህ ጊዜያት ላሟ ወተት መስጠቷን አታቆምም፣ ፉርሽካና ፋጉሎም አይረክስም፤ ገዢው ግን ይቀንሳል። ስለዚህ በየወሩ እኩል የሚከፈል ብድር ከወሰዳችሁ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የሁለት ወር ክፍያ ማስቀመጥ አለባችሁ። በጾሙ ወተቱን ንጦ ቅቤውን ለፋሲካ መያዝም ያዋጣል።

ነፍሰ ጡር ጊደር ከገዛችሁ እስክትወልድ ገቢ የለም። ለዚህ የእፎይታ ጊዜ ያለው ብድር ፈልጉ። እየታለበች ያለች ላም ከገዛችሁ ዋጋዋ ይወደዳል፣ ግን ከመጀመሪያው ወር ትከፍላላችሁ። እስክትወልድ የሚቆይበት ሌላ ገቢ የሌለው ሰው የኋለኛዋን ይግዛ እላለሁ። አንድ ላም በፀደይ ባንክ ወይም በቁጠባ ማኅበር ይበቃል፤ አምስት ላም ከሆነ ከባሕር ዳር ባንኮች ጋር ተነጋገሩ።

ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ብዙ ነገር አቋርጧል። በወረቀት ያለ ፕሮግራም በእናንተ ቀበሌ ላይሠራ ይችላል። ቅርንጫፉ ክፍት መሆኑን፣ ባለሙያው መስክ መውጣቱን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሰው ጠይቃችሁ ተነሡ። መንገድ ሲዘጋ ምርት ገበያ አይደርስም። እንዲህ ባለ ምክንያት መክፈያ ቀን ሲያልፍ ቅጣት ይታሰባል ወይ የሚለውንም ከመፈረማችሁ በፊት አንሡት። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቅ ብድር ከመውሰድ በትንሹ መጀመር ይሻላል።

ይዛችሁ የምትሄዱት መታወቂያ፣ ያገባችሁ ከሆነ የትዳር ማስረጃ፣ ያላገባችሁ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ፣ የመሬት ደብተር፣ ፎቶግራፍና የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። «ብሩን አስፈቅድላችኋለሁ» ብሎ ቅድሚያ የሚቀበል ደላላ አጋጥሟችሁ ከሆነ አንድ ብር አትስጡ። የውሉን ቅጂ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በፕሮጀክትና በሥራ ዕድል በኩል ለሚመጣው ገንዘብ ስማችሁ በዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወረዳው ዕቅድ ሲያወጣ ተገኙ።